ቀዩን መስመር ትታችሁ ያለፈውን አንብቡ

ፋየርዎል (የቢሮውን ኔትወርክ ከኢንተርኔት በኩል የሚጠብቅ መሣሪያ) አዲስ የተረከበ ልጅ መጀመሪያ የሚከፍተው የሎጉን፣ ማለትም የመዝገቡን ገጽ ነው። ከፍቶም ይደነግጣል። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ነው። ከቻይና፣ ከብራዚል፣ ከኔዘርላንድስ፣ ከአሜሪካ የመጡ አድራሻዎች የቢሮውን የኢንተርኔት አድራሻ ያንኳኳሉ፤ ሁሉም "ዲናይ" ተብለው ተመልሰዋል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይተካል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። "ወንድሜ፣ እየተጠቃን ነው!"

እንዲህ ያለ ስልክ በየጊዜው ይደርሰኛል። ረጋ በል እላለሁ። ማንም ለይቶ እናንተን የፈለገ የለም፣ ኢንተርኔት ላይ አድራሻ ያለው ሁሉ ይንኳኳል። በ2013 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ የአገራችን ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ) የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የሚባል መሣሪያ አወጡ። አንድ ሰርቨርና አንድ ጊጋቢት መስመር ካለህ፣ የዓለምን የአይፒቪ4 አድራሻ (መሣሪያዎች ኢንተርኔት ላይ የሚጠሩበትን ቁጥር) በሙሉ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩቶ ይጨርሳል። እንግዲህ ይህን የሚያደርገው ተመራማሪ ብቻ አይደለም። ሌባውም፣ የተጠለፈው ካሜራም፣ የደህንነት ኩባንያውም ቀኑን ሙሉ ያንኳኳሉ።

ፖርቱን (የተንኳኳውን አገልግሎት የበር ቁጥር) ብቻ አይታችሁ ማን እንደመጣ መገመት ትችላላችሁ። 23 እና 2323 ከሆነ የሚራይ ዘር ነው። ሚራይ በ2016 የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች እየለቀመ ሠራዊት ያደረገው ቫይረስ ነው፤ ኦክቶበር 21 ዳይን የተባለውን የዲኤንኤስ (የገጾችን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት) ድርጅት ሲመታ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ብዙ ገጾች ለሰዓታት አልከፈት አሉ። ኮዱ ለሕዝብ ስለተለቀቀ ልጆቹ ዛሬም አሉ። 445 ከሆነ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ሜይ 12 ቀን 2017 የተዛመተበት በር ነው። 3389 ከሆነ ሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተርን ከሩቅ መቆጣጠሪያ) ክፍት የተወ ሰው እየተፈለገ ነው። ይህ ሁሉ በር ላይ ተመልሷል። ፋየርዎሉ የተገዛበትን ሥራ ሠርቷል፣ መስመሩም ያንን ነው የሚነግራችሁ።

ቀይ መስመር እኔን የሚያስደነግጠኝ መነሻው ከውስጥ ሲሆን ነው። የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ መቶ የተለያዩ የውጭ አድራሻዎች በ445 ሊወጣ ሞክሮ ከተመለሰ፣ ያን ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አታንብቡ። ሮጣችሁ ገመዱን ንቀሉ።

ከዚያ ውጭ ግን ዓይናችንን የሚስበው ቀለም ያታልለናል ባይ ነኝ። የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ መዝገብ ይዞ በር ላይ ተቀምጧል እንበል። መዝገቡ ላይ የሚጽፈው የመለሳቸውን ሰዎች ብቻ ቢሆን፣ ዕቃ በጠፋ ቀን ያ መዝገብ ምን ይረባል? የምንፈልገው የገባውን፣ የወጣውን፣ ሲወጣም ምን ያህል ይዞ እንደወጣ ነው።

ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የሱቅ ድርጅት በ2013 መጨረሻ የ40 ሚሊዮን ካርድ መረጃ ሲሰረቅበት፣ ሌቦቹ በሩን ሰብረው አልገቡም። ከማቀዝቀዣና ማሞቂያ ጋር የተያያዘ ሥራ ይሠራለት የነበረ ድርጅት የመግቢያ ፈቃድ ተሰርቆ ነው የገቡት። የተሰረቀው መረጃም ከውስጥ ወደ ውጭ ሰርቨሮች አልፎ ወጣ። የደህንነት መሣሪያቸው በጊዜው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር፣ የሰማው ግን አልነበረም። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚቆረቁረኝ "ወጣ" የሚለው ቃል ነው። ከቤት ወደ ውጭ የሚሄደውን የሚያይ ዓይን አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን መሣሪያ እንምጣ። በብዙ ቢሮ የማገኘው ፎርቲጌት የሚባለው ፋየርዎል ስለሆነ በእሱ ላስረዳ። ፖሊሲ (ምን እንደሚያልፍ የሚወስን ሕግ) ስትሠሩ "ሎግ አላውድ ትራፊክ" የሚል ምርጫ አለ። እንዳለ ከተዋችሁት "ሴኪዩሪቲ ኢቨንትስ" ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ማለትም አንቲቫይረሱ ወይም ዌብ ፊልተሩ ወይም ጥቃት የሚለየው አይፒኤስ የሆነ ነገር ካገኘ ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው ሁሉ ሳይጻፍ ያልፋል። "ኦል ሴሽንስ" አድርጉት። ፒኤፍሴንስ የሚባለውን ፋየርዎል የምትጠቀሙም ብትሆኑ ያው ነው፤ ከፋብሪካ ሲመጣ የከለከለውን ይጽፋል፣ የፈቀደውን ግን እናንተ ሕጉ ላይ ካላዘዛችሁት አይጽፍም።

"ዲስክ ይሞላል" የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይሞላል። ትንንሾቹ ሞዴሎች እንደውም ዲስክ የላቸውም፣ ሎጉ ሚሞሪ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ መብራት ሄዶ ዩፒኤሱም ከደከመ ሁሉም ይጠፋል። በእኛ ከተማ ደግሞ መብራት መሄዱ ዜና አይደለም። ስለዚህ ሎጉን ወደ ሌላ ማሽን ላኩት። ጥግ የተጣለ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስና አርሲስሎግ የሚባለውን ሎግ ተቀባይ ፕሮግራም ጭናችሁ፣ ሰፋ ያለ ሃርድ ዲስክ ጨምራችሁ ብታስቀምጡ ይበቃል። ሲስሎግ (ሎግ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚላክበት ስልት) በተለምዶ መድረሱን በማያረጋግጠው በዩዲፒ፣ በፖርት 514 ስለሚሄድ መንገድ ላይ የጠፋ መስመር ቢኖር ማንም አይነግራችሁም፤ ከቻላችሁ መድረሱን በሚያረጋግጠው በቲሲፒ አድርጉት። ደግሞ ስትልኩ የክብደት ደረጃውን እዩ። ደረጃው ከ0 እስከ 7 ነው፣ 0 የከፋው ነው። የትራፊክ ሎግ የሚጻፈው 5 ላይ፣ "ኖቲስ" በሚባለው ነው። ጥንቃቄ ያደረጋችሁ መስሏችሁ "ከዋርኒንግ ጀምሮ ያለውን ብቻ" ካላችሁ 5 ተቆርጦ ይቀራል፣ ሰርቨሩም ባዶ ፋይል ታቅፎ ይቀመጣል።

እስኪ አንድ መስመር አብረን እናንብብ። ሜዳዎቹን ወደ አማርኛ ላምጣቸው። ፖሊሲ 12። መነሻ 192.168.10.47። መድረሻ 203.0.113.20፣ ፖርት 443። አክሽን ታይምአውት። የተላከ 156 ባይት፣ 3 ፓኬት (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል)። የተመለሰ 0 ባይት፣ 0 ፓኬት።

መጀመሪያ ፖሊሲውን እዩ። 12 ነው፣ እኛ የጻፍነው የፈቃድ ሕግ ነው። 0 ቢሆን ኖሮ ምንም ሕግ ስላልተገኘለት መጨረሻ ላይ ያለው የማይታየው ክልከላ መልሶታል ማለት ነበር። ስለዚህ ፋየርዎሉ አሳልፎታል። ቀጥሎ ባይቱን ለፓኬቱ አካፍሉት። 156 ለ3፣ 52 ይመጣል። 52 ባይት የዊንዶውስ ኮምፒውተር ግንኙነት ልጀምር ብሎ የሚልከው የመጀመሪያዋ ፓኬት፣ የሲንዋ መጠን ነው። ሦስት ጊዜ ያቺኑ ላከ። ከወዲያ ማዶ አንድም መልስ አልመጣም። ከዚህ አንዲት መስመር የተነሳ ኮምፒውተሩ ደህና እንደሆነ፣ ገመዱ እንደሚሠራ፣ ፋየርዎሉም እንዳልከለከለ አውቀናል። ችግሩ ከእኛ በር ወዲያ ነው፤ ወይ ሰርቨሩ ቆሟል፣ ወይ የእነሱ ፋየርዎል አይፈልገንም፣ ወይ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መስመሩ አይናገርም፣ እኔም ተናገረ ብዬ አልጨምርበትም።

ይህ ነገር የብዙ ቀን ጭቅጭቅ ይፈታል። አንድ ጊዜ ቅርንጫፎቻችን የሚሠሩበት ሲስተም በድንገት አልከፈት አለ። የሲስተሙ ባለቤቶች "የእናንተ ፋየርዎል ነው የዘጋው" አሉ። እኛ ዘንድም ብዙ ሰው አመናቸው፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ የሆነ ነገር ሲበላሽ ሁሉም የሚጠረጥረው ፋየርዎሉን ነው። ከላይ ያነበብነውን የመሰለ መስመር ከነሰዓቱ፣ ከነፖርቱ፣ ደግሞም ከኔትወርካችን ሲወጣ የሚለብሰውን የውጭ አድራሻ ጨምሬ ላክሁላቸው። "ትራንስ አይፒ" የሚለው ሜዳ ላይ የሚገኘው አድራሻ ነው። እነሱ የሚያዩን በእሱ እንጂ በ192.168 በሚጀምረው የውስጥ አድራሻችን አይደለም። መልሱ ወዲያው መጣ፤ በቅርቡ የኢንተርኔት መስመር ስንቀይር አድራሻችን ተቀይሮ ነበር፣ አዲሱ እነሱ ከሚፈቅዱት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። አስገቡት፣ ተከፈተ። የጮኸ ሰው አልነበረም፣ የተሰደበ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው ይህን ሥራ የምወደው።

አክሽን የሚለውም ሜዳ ሰውን ያሳስታል። "ክሎዝ" ማለት ግንኙነቱ በሥነ ሥርዓት አለቀ ማለት ነው። "ሰርቨር አርኤስቲ" ደግሞ ከወዲያ ያለው ሰርቨር ራሱ ቆረጠው ማለት ነው፤ ይህን አይቶ "ፋየርዎሉ ቆረጠን" የሚል ሰው ሰርቨሩን ሄዶ ይጠይቅ። "ክላየንት አርኤስቲ" የእኛው ኮምፒውተር የቆረጠው ነው፣ ብራውዘሮች ይህን ሁልጊዜ ያደርጉታል፣ አትጨነቁ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገራችሁ። ፎርቲጌት የአንድን ግንኙነት መስመር የሚጽፈው ሲያልቅ ነው። ሲጀምርም እንዲጽፍ ለብቻው ማዘዝ ይቻላል፣ ሳታዙት ግን የምታዩት ሰዓት የማብቂያው ሰዓት ነው። "ዱሬሽን" የሚለው ላይ 5400 ካለ፣ ግንኙነቱ የተጀመረው ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ነው። ለምሳሌ ሠራተኛው ምሳ ከመውጣቱ በፊት የጀመረው ፋይል፣ ወንበሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ይህን የማያውቅ ሰው "ማን ነው በሌለበት ኮምፒውተሩን የነካው" ብሎ ምርመራ ይጀምራል። ረጅም ግንኙነት ከሆነ ደግሞ መሃል መሃል ላይም መስመር ይጽፋል፣ ባይቱም እየተደመረ የሚሄድ ስለሆነ እናንተ እንደገና ከደመራችሁት እጥፍ ይሆንባችኋል።

የሰዓት ነገር ከተነሳ፣ እኛ ሐበሾች ከሌላው ዓለም የበለጠ ፈተና አለብን። መሣሪያው ዩቲሲ (የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት) ላይ ከሆነ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። ይህ የማንም አገር ችግር ነው። ግን እኛ ደግሞ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። አንዲት ወይዘሮ "ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኔትወርክ ጠፋብኝ" ስትል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለቷ ነው፤ ዩቲሲ ላይ ያለ መሣሪያ ያንን 6 ሰዓት ብሎ ጽፎታል። በሦስት የተለያዩ ቁጥሮች የሚጠራ አንድ ሰዓት። ሌሊት ሲሆን ይብሳል። ጥበቃው "ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት" ካለ፣ በፈረንጁ ረቡዕ 2 ሰዓት ነው፣ በዩቲሲ ግን ገና ማክሰኞ 23 ሰዓት ነው። ቀኑ ራሱ ተቀየረ። የሰው ኃይል ክፍል ደብዳቤ ላይ መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲጻፍ፣ ሎጉ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2024 ይላል።

ያረጀው የሲስሎግ አጻጻፍ፣ በ2001 አርኤፍሲ 3164 በተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ላይ የተመዘገበው፣ ዓመትም የሰዓት ቀጠናም አይጽፍም። ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ በቃ። በ2009 የመጣው አርኤፍሲ 5424 ሁለቱንም ጨመረ፣ ዛሬም ግን በአሮጌው የሚልክ መሣሪያ ሞልቷል። ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው። ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ኤንቲፒ (ሰዓት አመሳሳይ) ሰርቨር ሰዓት እንዲወስድ አድርጉ፣ ሁሉንም በአንድ ቀጠና አስቀምጡ፣ ሰው ስትጠይቁም "ከሰዓት በፊት ነው በኋላ? በኛ ነው በፈረንጅ?" ብላችሁ ጠይቁ። በመጠየቅ ያስቀየማችሁት ሰው በስህተት ከተከሰሰ ሰው ይሻላል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሎግ የሚነበበው ሰላም በሆነ ቀን ነው። ምንም ችግር በሌለበት ማክሰኞ ከፍቼ ያለፈውን ትራፊክ በመጠን አስተካክዬ አያለሁ። የትኛው ኮምፒውተር ወደ የት ብዙ ይልካል? ሌሊት ማን ነቅቶ ያድራል? በየ60 ሰከንዱ፣ እኩል መጠን፣ ወደ አንድ አድራሻ የሚሄድ ነገር አለ? ይህን የመሰለ ምት የተጠለፈ ማሽን ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ግን የሶፍትዌር አፕዴት ፍለጋም፣ የስልክ ኖቲፊኬሽንም ያው ምት አላቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው የቤቱን የዘወትር መልክ የለመደ ዓይን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ መልክ አለው፤ የደመወዝ ሰሞን የሂሳብ ክፍሉ ይጨምራል፣ ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ይቀንሳል፣ የጾም ቀን የምሳ ሰዓቱ ላይ ሳይቀር ለውጥ አይቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሎጉ ስለ ሰው መሆኑ ነው።

አንድ ቀን ኢንተርኔቱ በጣም ቀርፋፋ ሆኖ ሰው ሁሉ ሲማረር የክፍሉ ኃላፊ ጠሩኝ። "እስኪ ማን ምን እንደሚያይ ከነስማቸው አውጣልኝ" አሉ። ፊልም የሚያይ፣ ፌስቡክ ላይ የሚውል ሠራተኛ አለ ብለው አስበዋል። "ለምን ፈለጉት?" አልኳቸው በአክብሮት። "ኢንተርኔቱን ማን እንደሚበላው ለማወቅ ነዋ!" "እንግዲያው ስም አያስፈልገንም፣ መጀመሪያ በመጠን ልይልዎት" አልኩ።

ያን ያልኩት ሰው ለመደበቅ ብዬ አልነበረም። ሎጉ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ነው ያለው። 192.168.10.47 ዛሬ የአንዷ ላፕቶፕ ነው፣ ነገ ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) ለሌላው ሊሰጠው ይችላል። የዲኤችሲፒውን ሎግ በሰዓቱ ካላመሳከራችሁ የምትከሱት የተሳሳተ ሰው ነው። ስልኮችማ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ የዋይፋይ ማክ አድራሻቸውን (ከፋብሪካ የያዙትን መለያ ቁጥር) እየሸፈኑ ይገባሉ። ደግሞም ሎጉ ላይ ፌስቡክ ተብሎ የተጻፈ ሁሉ ፌስቡክ የከፈተ ሰው የለውም። የዜና ገጽ ስትከፍቱ ገጹ ውስጥ የተሰካ የፌስቡክ ኮድ ራሱ ይገናኛል። ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ማንም ሳይነካው ከሰርቨር ጋር ይገናኛል፣ ያመሳስላል፣ ፎቶ ይሰቅላል። መስመሩ የሚነግረን ማሽን ምን እንዳደረገ ነው። ሰውየው ምን እያደረገ እንደነበር የሚለውን እኛ ነን ከራሳችን የምንጨምረው፣ የሰው እንጀራ ላይ ሲሆን ደግሞ ይህ መጨመር ከባድ ነው።

ሕጉም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም. ደግሞ የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ይፈልጋል። ለኔትወርክ ደህንነት የሰበሰብነውን ሎግ የሠራተኛ መቆጣጠሪያ እናድርገው ብንል ዓላማው ተቀየረ ማለት ነው። ይህን ለኃላፊው በግልጽ ነገርኳቸው፣ ሰሙኝ። ስም የሚፈለግበት ጉዳይ ሲመጣ በጽሑፍ ተጠይቆ ሁለት ሰው ባለበት እንዲወጣ ተስማማን።

ከዚያ በመጠን አየሁት። ከፍተኛው ላኪ ሰው አልነበረም። የደህንነት ካሜራዎቹ የሚቀረጹበት ሳጥን ነው። ቀንና ሌሊት፣ እሁድን ጨምሮ፣ ቪዲዮውን ወደ አምራቹ የክላውድ ሰርቨር ይሰቅል ነበር፤ የተከለው ባለሙያ ያንን ምርጫ ከፍቶት ሄዷል፣ ፖሊሲውም ለውስጥ መሣሪያ ሁሉ መውጣት ስለሚፈቅድ አንድም ቀይ መስመር አልነበረም። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም "አክሰፕት"። የመግቢያ ቃሉም ከፋብሪካ የመጣው ነበር።

ሳጥኑን ለብቻው ቪላን (ከሌላው የተነጠለ የውስጥ ኔትወርክ) ላይ አወጣነው። የይለፍ ቃሉን ቀየርን፣ የክላውዱን ምርጫ ዘጋን፣ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ ፖሊሲ ጻፍንለት፣ በዚያም ፖሊሲ ላይ ሎጉን ከፈትን። ሰዓቱን ከውስጥ ኤንቲፒ እንዲወስድ አደረግን፣ ምክንያቱም ካሜራው ላይ ያለው ሰዓት ከፋየርዎሉ ጋር በ11 ደቂቃ ይለያይ ነበር።